የፒክአፕ ቦል ጆይንት ያለ ዕድሜው ሲያልቅ

የፒክአፕ ባለቤት ከፊት እግር በኩል የሚሰማ ድምፅ አስጨንቆት ጋራዥ ሲገባ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ብያኔ «ቦል ጆይንቱ አልቋል፤ ይቀየር» የሚል ነው። ምን እንደጨረሰው ሲጠይቅ ደግሞ «መንገዱ ነዋ» ይባላል፤ ጉዳዩም በዚያው ይዘጋል። መንገዱ ድርሻ እንዳለው አልክድም። ይሁን እንጂ በአንድ ሰፈር የሚያድሩ፣ በአንድ መንገድ የሚመላለሱ፣ ሞዴላቸውም የተመረቱበት ዘመንም ተመሳሳይ የሆነ ሁለት ፒክአፖች እያሉ አንዱ ፋብሪካ የገጠመለትን ቦል ጆይንት ይዞ ለዓመታት ሲሠራ ሌላው በየጊዜው ሲያስቀይር አያለሁ። ይህን ልዩነት በመንገዱ ማስረዳት አይቻልም። ያለ ዕድሜው ያለቀ ቦል ጆይንት ከመቀየሩ በፊት የጨረሰው ነገር መፈለግ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ያ ካልተገኘ ቢከፈልም ቢለፋም አዲሱ ዕቃ በአሮጌው መንገድ መሄዱ አይቀርም።

ዕቃው ራሱ ውስብስብ አይደለም። አንዱ ጫፉ ክብ ኳስ የሆነ፣ ሌላው ጫፉ እየቀጠነ ሄዶ በዳዶ የሚታሰር አጭር የብረት ዘንግ ነው። ኳሱ በጎድጓዳ ማቀፊያ ውስጥ ተቀምጦ በሁሉም አቅጣጫ ይዞራል፤ በኳሱና በማቀፊያው መካከል ብዙውን ጊዜ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ስስ ንጣፍና ግራሶ አለ፤ አፉ ላይ ደግሞ ግራሶው እንዳይወጣ፣ ውሃና አቧራም እንዳይገባ የሚከላከል ላስቲክ ይለብሳል። ጎማው በጉድጓድና በጉብታ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ መሪው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲያዞረው፣ ሁለቱንም እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ይህ ትንሽ መጋጠሚያ ነው።

የሚሸከመውን ክብደት ማሰብ ደግሞ ጉዳዩን በቁም ነገር እንድንይዘው ያደርጋል። ባለ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ባዶውን ወደ 2 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ሞተሩ ከፊት ስለሆነ ከግማሽ የሚበልጠው ክብደት የሚያርፈው በፊት ጎማዎች ላይ ነው። እያንዳንዱ የፊት ጎማ ቆሞ እንኳ ከ500 ኪሎ በላይ ይሸከማል ማለት ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ ይህ ጫና ለአፍታ እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። በአብዛኞቹ ፒክአፖች የፊት እግር በእያንዳንዱ ጎን የላይና የታች አርም፣ ማለትም ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዝ ክንድ፣ አለው፤ በሁለቱ አርሞች ጫፍ ላይ ያሉት ቦል ጆይንቶችም ጎማው የሚታሰርበትን ብረት፣ ባለሙያዎች ናክል የሚሉትን፣ ከላይና ከታች ይይዙታል። ሁለቱ እኩል አይሸከሙም። ሞላው ወይም ቶርሽን ባሩ (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚያገለግለው ዘንግ) ያረፈው በታችኛው አርም ላይ ከሆነ ክብደቱን የሚሸከመው የታችኛው ቦል ጆይንት ነው፤ የላይኛው ደግሞ ጎማው ወደ ጎን እንዳይጋደል ይይዛል። ቶርሽን ባሩን ከላይኛው አርም ጋር ያገናኙ ሞዴሎችም ስላሉ ነገሩ እንደ መኪናው ይለያያል። የፒክአፑ ባለቤት ስለ መኪናው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ይህንን ይመስለኛል፤ ምርመራው ሁሉ የሚመሠረተው በዚህ ላይ ነውና። (ላንድ ክሩዘር 79 የሚባለውን ፒክአፕ የያዙ ሰዎች ስለ ቦል ጆይንት ሲጨነቁ እሰማለሁ። የእሱ የፊት እግር ወጥ አክሰል ነው፤ ናክሉ የሚዞረውም ከላይና ከታች በተቀመጡ ኩሽኔታዎች ላይ ስለሆነ እዚህ የማወራው ዓይነት ቦል ጆይንት የለውም።)

ክብደቱን የሚሸከመው ቦል ጆይንት በአገጣጠሙ ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው የመኪናው ክብደት ኳሱን ወደ ማቀፊያው ውስጥ ይጫነዋል፤ ንጣፉ ሲያልቅ ኳሱ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይሰምጣል እንጂ በቀላሉ ከቦታው አያመልጥም። በሁለተኛው ግን ክብደቱ ኳሱን ከማቀፊያው ወደ ውጭ ይስበዋል። እዚህ ላይ ንጣፉ ባለቀ ቁጥር ኳሱ ወደ ማቀፊያው አፍ እየቀረበ ይሄዳል፤ አፉ ከሰፋ አንድ ቀን ተነቅሎ ይወጣል። ያን ጊዜ ናክሉ ከአርሙ ይለያያል፣ ጎማው ተጋድሞ ከፓራፋንጎው ጋር ይላተማል፣ መሪውም መታዘዙን ያቆማል። ይህ ሁለተኛው ዓይነት አልፎ አልፎ ያለ ብዙ ድምፅ ስለሚያልቅ አሳሳቢ ነው፤ ክብደቱ መጋጠሚያውን ወጥሮ ስለሚይዘው ንቅናቄው በጉዞ ላይ ላይሰማ ይችላል።

በዚህ ረገድ የሚጠቀስ የታወቀ ጉዳይ አለ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የተሸጡ ታኮማና ተንድራ ፒክአፖችን፣ ከእነሱም ጋር ሴኮያና ፎርራነር የተባሉትን መኪናዎች፣ በታችኛው ቦል ጆይንት ምክንያት ለጥገና ጠርቶ ነበር። ምክንያቱ በምርት ሂደት የኳሱ ገጽ ተጭሮ ሊሆን ይችላል የሚል ነበር። የተጫረ ገጽ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ንጣፉን ይፍቃል፤ መላላት ይከተላል፤ በከፋ ሁኔታ ደግሞ ቦል ጆይንቱ ከናክሉ ተለይቶ መኪናው ከቁጥጥር ውጭ ሊሆን ይችላል። በ2007 ደግሞ በኋላ የተመረቱ ተንድራና ሴኮያዎች በተመሳሳይ የታችኛው ቦል ጆይንት ችግር ተጠርተዋል። ይህን የማነሳው የመኪናውን ስም ለማጉደፍ አይደለም። በፋብሪካ ውስጥ፣ ንጹሕ በሆነ ቦታ፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ጭረት ይህን ያህል መዘዝ ካመጣ፣ ከጉድጓድ ውሃ ጋር በተቀደደ ላስቲክ የገባ አሸዋ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት ስለሚያስችል ነው።

ስለዚህ ያለ ዕድሜው ላለቀ ቦል ጆይንት መጀመሪያ የምጠረጥረው ላስቲኩን ነው። አዲስ አበባ ለዚህ ላስቲክ ምቹ ከተማ አይደለችም። በክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ ጎርፉ መንገዱን ሲሸፍነው የትኛው ጉድጓድ ጥልቅ እንደሆነ ማወቅ ስለማይቻል የፊት እግሩ በጭቃ ውሃ ይነከራል። ክረምቱ ሲያልፍ የግንባታው አቧራ ይተካል። ላስቲኩ ጤነኛ ከሆነ ሁለቱም ጉዳት አያደርሱም፤ አንዲት ስንጥቅ ካለችው ግን ውሃው ግራሶውን እያጠበ ያወጣዋል፣ ብረቱን ያዝገዋል፣ አቧራው ደግሞ ከቀረው ግራሶ ጋር ተለውሶ ኳሱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ከዚያ በኋላ የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው።

ላቫጆ ውስጥ የሚደረገውንም ልብ ማለት ይገባል። መኪናውን ከታች በኩል ማሳጠብ ጥሩ ልማድ ነው፤ ጭቃው በላስቲኩ እጥፋት ውስጥ ደርቆ እንዳይሰነጥቀው ያግዛል። ነገር ግን የግፊት ውሃውን አፍ በቅርብ ርቀት ወደ ላስቲኩ ከንፈር አነጣጥሮ ማቆየት ውሃውን አስገድዶ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ከታጠበ በኋላ እንዲያብረቀርቅ ሲባል ከሥር ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት ማስረጨትም ለላስቲክ አይበጅም፤ ነዳጅና ዘይት ላስቲክን ያሳብጠዋል፣ ያልፈሰፍሰዋል፣ ጥንካሬውንም ያሳጣዋል። የሚያጥቡትን ልጆች በትሕትና «ወንድሜ፣ ከእግሩ አካባቢ ራቅ አድርገህ እጠብልኝ፣ ናፍጣ ግን አትርጭብኝ» ማለት ምንም አያስከፍልም።

ሁለተኛው ምክንያት የመኪናው ከፍታ ነው፤ በእኔ ግምት በከተማችን ከሁሉ በላይ ችላ የተባለው እሱ ነው። ፒክአፕ ከፍ ብሎ ሲታይ ያምራል የሚል አስተያየት አለ፤ በቶርሽን ባር የሚሠሩ ሞዴሎች ደግሞ ማስተካከያ ብሎናቸውን በማጥበቅ ብቻ ከፊት በኩል ከፍ ማለት ስለሚችሉ ሥራው ርካሽና ፈጣን ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ መኪናው ጠንካራ አይሆንም፤ የሚሆነው አርሞቹ ከተለመደው ቦታቸው ወደ ታች ማዘንበላቸው ነው። አርሙ ሲያዘነብል ቦል ጆይንቱም ከመካከለኛ ቦታው ይወጣና ገና መኪናው ቆሞ ሳለ የመንቀሳቀሻ ወሰኑን ጥግ ይጠጋል። የላይኛው አርም ብዙውን ጊዜ አጭሩ ስለሆነ ጎማው በተመሳሳይ መጠን ወደ ታች ሲወርድ የእሱ ማዘንበል ይበልጣል፤ በዚህም የላይኛው ቦል ጆይንት ቀድሞ ይጎዳል። ላስቲኩ በአንድ ጎን ተወጥሮ በሌላው ጎን ተጨማዶ ይኖራል፣ የተወጠረው ጎን ይቀደዳል፤ ዘንጉም ጎማው ወደ ታች በወረደ ቁጥር የማቀፊያውን አፍ ዳር ይመታል።

የጎረቤቴ ፒክአፕ የላይኛው ቦል ጆይንት ሲቀየር፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ሲቀየር፣ የተወቀሰው ዕቃው ነበር። መጀመሪያ «ኮፒ ነው የሸጡላችሁ» ተባለ፤ ኦሪጅናል ተገዝቶም ውጤቱ አልተለወጠም። ሰውዬው የአባቴ እኩያ ናቸው፤ በመኪናቸው ላይ ቀልድ አያውቁም። አብረን ጋራዥ ሄደን ስናይ መኪናው ከእሳቸው በፊት በነበረው ባለቤት ከፍ ተደርጎ ነበር፤ በዚያ ላይ ከቸርኬው ጀርባ ስፔሰር ገብቶበት ጎማዎቹ ወደ ውጭ ወጥተዋል። ቶርሽን ባሩ ወደ አምራቹ ከፍታ ተመልሶ፣ ስፔሰሩ ወጥቶ፣ ከዚያ በኋላ የተገጠመው ቦል ጆይንት ግን እስከ ዛሬ ደህና ነው። ስለ ዕቃው ጥራት የተባለው ሁሉ ሐሰት ነበር አልልም፤ መልካሙም ዕቃ ቢሆን በዚያ ማዘንበል ላይ ሊኖር አይችልም ነበር።

ስፔሰሩንና ሰፊ ቸርኬን በተመለከተ ትንሽ ሒሳብ ብናደርግ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በላይኛውና በታችኛው ቦል ጆይንት መካከል ያለው ርቀት 30 ሴንቲሜትር ነው፣ ጎማው የሚሸከመው 500 ኪሎ ነው፣ ስፔሰሩ ጎማውን 3 ሴንቲሜትር ወደ ውጭ አወጣው ብለን እናስብ። ጎማው በራቀ ቁጥር ናክሉን የሚያጣምመው ኃይል ስለሚጨምር፣ መኪናው ቆሞ እያለ ብቻ በሁለቱም ቦል ጆይንቶች ላይ ወደ 50 ኪሎ የሚጠጋ የጎን ግፊት ይጨመራል ማለት ነው፤ አንዱ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ሌላው ወደ ውጭ ይጎተታል። በጉድጓድ ላይ ይህ በብዙ እጥፍ ይባዛል። ከፋብሪካው ልክ የሚበልጥና የሚከብድ ጎማም ጎጂ ነው፤ ከብዶ ሲዘል የሚያሳርፈው ምት ይበረታልና። ከፊት የተገጠመ ከባድ የብረት መከላከያ ደግሞ ያለማቋረጥ በፊት እግር ላይ የሚያርፍ ተጨማሪ ሸክም ነው። በአንጻሩ ከኋላ የሚጫነው ዕቃ፣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው፣ የፊት ቦል ጆይንትን በቀጥታ አይጨርስም፤ ከኋላ አክሰል በስተጀርባ የተከመረ ጭነት እንዲያውም ፊቱን ያቀለዋል። ጉዳቱ መሪውን ማቅለሉና ባሌስትራውን መጉዳቱ ነው።

ስለ መንገዱ ከተነሣ ከጉድጓዱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። ከፒያሳ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና፣ በቴዎድሮስ አደባባይ በኩል ወደ ለገሃር የሚወርድ ሰው በመጨናነቅ ሰዓት እግሩን ከፍሬን ላይ አያነሣም። ፍሬን በተያዘ ቁጥር የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይመጣል፤ መሬቱ ጎማውን ወደ ኋላ ሲይዘው ናክሉ ሊዞር ይሞክራል፣ የታችኛው ቦል ጆይንት ወደ ኋላ ይገፋል፣ የላይኛው ደግሞ ወደ ፊት። ይህ ግፊት በደህና እግር ላይ ችግር አይፈጥርም። የአርሞቹ የውስጥ ቡሾች (አርሙ ከሻንሲው ጋር የሚጋጠምባቸው ላስቲኮች) ካለቁ ግን አርሙ ራሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይዋልላል፣ ፍሬን በተያዘና በተለቀቀ ቁጥር ምቱ ወደ ቦል ጆይንቱ ይተላለፋል። የሞተ ሾክ አብዞርበርም ከዚሁ የተለየ አይደለም፤ በኮብልስቶን መንገድና በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ የሚዘለውን ጎማ የሚያረጋጋ ስለሌለ እያንዳንዱ ዝላይ መጨረሻው ላይ ደርሶ ይመታል። ቦል ጆይንት ተቀይሮ ቡሹና ሾክ አብዞርበሩ ሳይታዩ የሚወጣ መኪና ግማሽ ጥገና ነው የተደረገለት።

ምርመራውን በተመለከተ የክሪኩ ቦታ ወሳኝ ነው። ያንኑ ጎረቤቴን ያየላቸው ወጣት ባለሙያ መጀመሪያ ክሪኩን ከሻንሲው ሥር አስገብቶ ጎማውን ነቀነቀና «ጋሼ፣ ይሄ ምንም የለበትም» አላቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ ድምፁን እኮ አብረን ሰምተነዋል፤ እስቲ ክሪኩን ከአርሙ ሥር አድርገህ እየው» አሉት። ሲያደርገው ንቅናቄው በዓይን ታየ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ መኪናው በሻንሲው ሲነሣ ሞላው ወይም ቶርሽን ባሩ አርሙን ወደ ታች እየገፋ መጋጠሚያዎቹን ወጥሮ ይይዛቸዋል፤ የተወጠረ መጋጠሚያ ደግሞ ቢያልቅም አይነቃነቅም። ሞላው ወይም ቶርሽን ባሩ በታችኛው አርም ላይ ለሆነ መኪና ክሪኩ በታችኛው አርም ሥር፣ በተቻለ መጠን ለቦል ጆይንቱ ቀርቦ መቀመጥ አለበት። ውጥረቱ ያረፈው በላይኛው አርም ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በሻንሲው ተነሥቶ የላይኛው አርም እንዳይወርድ በጣውላ ይደገፋል። በሁለቱም ሁኔታ መኪናው በክሪክ ብቻ ቆሞ ማንም ከሥሩ መግባት የለበትም፤ ማቆሚያ ይደረግለት።

ጎማው ከመሬት ጥቂት ከፍ ሲል ረጅም ብረት ከጎማው ሥር አስገብቶ ወደ ላይ እያነሡ ሌላ ሰው ቦል ጆይንቱን እንዲመለከት ማድረግ የላይና የታች ንቅናቄውን ያሳያል። ቀጥሎ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መነቅነቅ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ኩሽኔታን ከቦል ጆይንት ጋር ያምታታል። መለያው ቀላል ነው፤ ጎማው ሲነቃነቅ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ንቅናቄው ከጠፋ የላላው የሞዞው፣ ማለትም የጎማው እምብርት፣ ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ወይም ቡሹ ነው። ጎማው በግራና በቀኝ ሲያዝ የሚነቃነቅ ከሆነ ደግሞ በቅድሚያ የመሪውን እንቅስቃሴ ወደ ጎማው የሚያደርሱት የታይሮድ ጫፎች ይታዩ። ምን ያህል ንቅናቄ እንደሚፈቀድ የሚወስነው የአምራቹ የጥገና መጽሐፍ ነው፤ አንዳንዱ በሚሊሜትር የሚለካ ጥቂት ንቅናቄ ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ ምንም አይፈቅድም። በእጅ ስሜት ብቻ «አለ» ወይም «የለም» ማለት ደህናውን ዕቃ ያስጥላል፤ ያለቀውንም ያስነዳል።

ምልክቶቹን ብዙ አሽከርካሪ ያውቃቸዋል፤ በዝግታ ጉብታ ሲታለፍ የሚሰማ የመንኳኳት ድምፅ፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪው መንከራተቱ፣ ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ ለመመለስ መስነፉ፣ የጎማው የውስጥ ወይም የውጭ ጠርዝ ለብቻው መበላቱ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ዓመታዊው የቦሎ ምርመራ እስኪደርስ መጠበቅ አይገባም።

ዕቃ ግዢው ላይ ሶማሌ ተራ የሄደ ሰው ለአንድ ቦል ጆይንት በርካታ ዓይነት ዋጋ ይቀርብለታል። ሳጥኑና ማኅተሙ የሚያስተማምን ባለመሆኑ ዕቃውን በእጅ ይዞ ማየት ይሻላል። አዲስ ቦል ጆይንት ዘንጉ በእጅ ሲገፋ ጠንከር ብሎ፣ ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩልና ሳይቆራረጥ መንቀሳቀስ አለበት፤ ወደ ላይና ወደ ታች ሲጎተት ምንም መላላት ሊኖረው አይገባም። የላስቲኩ ቀለበት በደንብ መቀመጡን፣ የዘንጉ ሾጣጣ ክፍል ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን ማስተያየት ያስፈልጋል። ያለቀውን ወደ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማቀፊያውን አስቆርጦ፣ አዲስ ንጣፍ አስገብቶ በብየዳ ማዘጋትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። የቶርኖ ባለሙያዎቻችን ብዙ የሚደነቅ ሥራ ይሠራሉ፤ ሆኖም የብየዳ ሙቀት የብረቱን ጥንካሬ ይለውጣል፣ ፕላስቲኩን ንጣፍ ያቀልጣል፣ ኳሱም አስቀድሞ ተጭሯል። የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት መጋጠሚያ ላይ ይህን መሞከር ቁጠባ አይባልም።

አገጣጠሙም የዕቃውን ዕድሜ ይወስናል። ሹካ መሰል መፈልቀቂያ በመዶሻ እየመቱ ማስገባት ላስቲኩን ይቀድደዋል፤ ሊጣል ለተዘጋጀ ዕቃ ችግር የለውም፣ ለሌላ ሥራ ሲባል ተነቅሎ ለሚመለስ ደህና ቦል ጆይንት ግን ጥፋት ነው፤ ለእሱ በብሎን የሚጠብቅ መጎተቻ መሣሪያ ይሻላል። አዲሱ በግፊት የሚገባ ዓይነት ከሆነ በፕሬስ፣ ዙሪያውን እየተጫነ ይገባል እንጂ መሃሉን በመዶሻ አይመታም። የዘንጉ ሾጣጣና የሚገባበት ቀዳዳ ንጹሕና ደረቅ ይሁኑ፤ ግራሶ አይቀቡ። ዳዶው የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቶርክ ቁልፍ አምራቹ ባዘዘው ልክ ይታሰር። የመቆለፊያው ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ ካልገጠመ ዳዶው እስኪገጥም ድረስ ጥቂት ይበልጥ ይጥበቅ፤ ቀዳዳውን ፍለጋ ወደ ኋላ ማላላት ሾጣጣው በቦታው እንዲጫወት ያደርገዋል፣ ውሎ አድሮም ዘንጉን ይሰብረዋል። የአርሙ ቡሾች ብሎን ደግሞ መኪናው ተንጠልጥሎ እያለ ሳይሆን በጎማው ቆሞ በተለመደው ከፍታው ላይ ሳለ ይጥበቅ፤ አለበለዚያ የቡሹ ላስቲክ ተጠምዝዞ ይኖርና ቶሎ ይቀደዳል። በመጨረሻ አላይመንት ይሠራ፤ ቦል ጆይንት ከተቀየረ በኋላ የጎማው አቀማመጥ እንደ ቀድሞው ነው ብሎ መገመት አዲስ ጎማ ያስጨርሳል።

ግራሶን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። ግራሶ መስጫ ያለው ቦል ጆይንት በእጅ ፓምፕ፣ በዝግታ፣ ላስቲኩ ጥቂት ነፋ እስኪል ብቻ ይሰጠው፤ ላስቲኩ እስኪፈነዳ መሙላት መከላከያውን ማጥፋት ነው። ብዙዎቹ የዛሬ ፒክአፖች ግን ከፋብሪካ የታሸገ ቦል ጆይንት ስላላቸው ግራሶ አይሰጣቸውም። ለእነዚህ የሚደረገው ዘይት በሚቀየርበት ጊዜ ሁሉ መሪውን እስከ ጥግ አዙሮ በባትሪ ብርሃን የላስቲኩን ዙሪያ መመልከት ነው። ስንጥቁ ገና እንደ ጀመረ ከተገኘና መጋጠሚያው ምንም ንቅናቄ ከሌለው፣ ለአንዳንድ ሞዴሎች ላስቲኩ ለብቻው ስለሚሸጥ፣ አሮጌውን ግራሶ በጨርቅ ጠርጎ፣ አዲስ ግራሶ ሞልቶ ላስቲኩን መለወጥ ይቻላል። ሲጠረግ ግራሶው ውስጥ አሸዋ በጣት ከተሰማ፣ ወይም ቀለሙ ወደ ዝገት ካደላ፣ ላስቲኩን ብቻ መቀየር ጥቅም የለውም፤ ቦል ጆይንቱ ይቀየር።